ሳቃቸውን አብረን አንቅበር

የቶሮንቶ ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል ነሐሴ 29 ቀን 2017 ዓ.ም. የተከፈተው አንድን ሟች ቀልደኛ በሚዘክር ዘጋቢ ፊልም ነበር። ፊልሙ «ጆን ካንዲ፦ አይ ላይክ ሚ» ይባላል። ስሙን የማያውቀው አንባቢ ፊቱን ሳያውቀው አይቀርም። «ሆም አሎን» ላይ ልጇን ቤት ረስታ የሄደችውን እናት ከነሙዚቀኛ ጓደኞቹ በመኪና አሳፍሮ የሚወስዳት፣ በጨዋታ ሊያጽናናት የሚሞክረው ግዙፍ ሰው እሱ ነው። ካንዲ የካቲት 25 ቀን 1986 ዓ.ም. ሜክሲኮ ውስጥ ፊልም በመሥራት ላይ ሳለ በ43 ዓመቱ በልብ ሕመም ሞተ። ከ31 ዓመት በኋላ የቶም ሃንክስ ልጅ ኮሊን ሃንክስ የሟቹን ባልደረቦች፣ ባለቤቱንና ልጆቹን ጠይቆ፣ የቴሌቪዥንና የቤተሰብ ምስሎችን ለቅሞ ሰውዬውን ለአድናቂዎቹ እንደገና አቀረበው።

በውጭው ዓለም እንዲህ ያለው ፊልም እየተለመደ መጥቷል። ሮቢን ዊሊያምስ በ2006 ዓ.ም. አረፈ፤ በ2010 ዓ.ም. ዘጋቢ ፊልም ተሠራለት፤ ታሪኩን በአብዛኛው የሚተርከው በልዩ ልዩ ጊዜ የተቀዳው የራሱ ድምፅ ነው። ጂን ዋይልደር ከሞተ በኋላ የተሠራለት ፊልምም እንዲሁ በሕይወት ሳለ የሕይወት ታሪኩን ሲያነብ የተቀዳውን ድምፅ ተጠቅሟል። ሁለቱንም ፊልሞች የሚያመሳስላቸው ነገር አለ። ሟቹ ራሱ ይናገራል፤ ራሱ ያስቃል። ተመልካቹ ሰውዬው ለምን እንደተወደደ በሌላ ሰው አንደበት ከሚነገረው ይልቅ እዚያው ተቀምጦ ሲስቅ ይረዳዋል።

እዚህ ላይ ስለ እኛ ቀልደኞች እንጠይቅ። አለባቸው ተካን፣ ሀብቴ ምትኩን፣ ተስፋዬ ካሳን፣ በኋላም በፊልሞቹ ሲያዝናናን የነበረውን ታሪኩ ብርሃኑን (ባባን) ቀብረናል። ከልባችን አልቅሰንላቸዋል። ሥራቸውን ግን ማን ሰበሰበው? «ይኼ ሰውዬ እኮ ሆዳችንን ይዘን እስክንወድቅ ያስቀን ነበር» ስንላቸው ልጆቻችን «እስኪ አሳዩን» ቢሉን ከየት አምጥተን እናሳያቸዋለን? ለቀልደኛ የሚገባው መታሰቢያ ሥራው፣ ማለትም ሳቁ ነው ብዬ አምናለሁ። ያንን ሳቅ ከነምንጩ የሚያቆይ ዘጋቢ ፊልም ደግሞ አዲስ አበባ ስቱዲዮ ውስጥ ብቻ ተሠርቶ አያልቅም። የሳቀው ሕዝብ ወዳለበት፣ እኛ ጋ ጎጃም፣ ቢቸናና ሞጣ ድረስ መምጣት አለበት።

ቢቸና ሲነሣ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስታውሰው በላይ ዘለቀን ነው። ታሪክ ያነበበ ሰው ደግሞ በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ቢቸናንና ሞጣን ይዞ የተነሣውን የጎጃም ገበሬዎች ዐመፅ ይጨምርበታል። ስለ ጀግንነታችንና ስለ ቁጣችን ብዙ ተጽፏል። በምን እንደምንስቅ ግን ማንም ጠይቆን አያውቅም። ይህ አገር ግን የቅኔ አገር ነው። ሰሙን ሰምቶ ወርቁን የሚፈልግ፣ አዝማሪ በማሲንቆው ሲወጋው በሳቅ ተቀብሎ የሚሸልም፣ ጨዋታ ካልጣመው ደግሞ ፊቱን የሚያዞር ሕዝብ ነው። የቅኔ ትምህርቱን ይዞ ከደብረ ኤልያስ የተነሣው ዮፍታሔ ንጉሤ የአማርኛ ቴአትርን ካቆሙት ሰዎች አንዱ የሆነው በዚህ ጨዋታ አዋቂ አገር ስላደገ ጭምር ይመስለኛል።

የአማርኛ ቴአትር ራሱ የተጀመረው በሳቅ ነው። የመጀመሪያው ተብሎ የሚጠቀሰው የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» በእንስሳት አስመስሎ የቤተ መንግሥቱን ብልሹነት የሚነቅፍ ኮሜዲ ነበር። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ሳቅ በዚህ አገር ገና ከመነሻው እንደ ቀላል ነገር አልታየም፤ ሹማምንት የፈሩት ነገር ነው። ታዲያ መንግሥት የፈራውን ጥበብ እኛ እንደ ማለፊያ ጨዋታ ብቻ አይተን የባለሙያዎቹን ሥራ መበተን አይገባንም ነበር።

የአዲስ አበባ ቀልድ ወደ እኛ ይመጣ የነበረው በመንገድ ነው። ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር የሚወጣው መንገድ የእኛ የቴአትር በር ነበር። አውቶቡስ ከሸቀጡ ጋር ካሴት ይዞ ይመጣል። ካሴቱ መጀመሪያ ሻይ ቤት ይገባል፤ ከዚያ ጠላ ቤት፤ ከዚያ ሰው ተውሶት ገጠር ይወርዳል። የቴፑ የባትሪ ድንጋይ ሲደክም የቀልደኛው ድምፅ እየተጎተተ ይወፍራል፤ ድንጋዩን ፀሐይ ላይ አስጥተን እንደገና እንሞክራለን። ክሩ ሲዝረከረክ በእስክሪብቶ እናጠነጥነዋለን። ከአዲስ አበባ ሥራ ፍለጋ ሄዶ ለበዓል የተመለሰ ጎረምሳ አዲስ ካሴት ይዞ ከመጣ ያ ቤት እስከ እኩለ ሌሊት ሰው አይለየውም ነበር።

ቴሌቪዥን ሲገባ ደግሞ የበዓል ዋዜማ ሌላ መልክ ያዘ። ጣቢያው አንድ ነው፤ የሚያየው ሕዝብ አንድ ዓይነት ነገር ያያል። ቴሌቪዥን ያለው ሰው ሳሎን በሰፈሩ ልጆች ይሞላል፤ ትልልቆቹ መደብና አግዳሚ ላይ፣ እኛ መሬት ላይ። ዜናው እስኪያልቅ፣ የሹማምንቱ የመልካም ምኞት መግለጫ እስኪያልቅ፣ ዘፈኑ እስኪያልቅ እንጠብቃለን። የምንጠብቀው ደረጀና ሀብቴን፣ አለባቸውና ልመነህን ነበር። በማግስቱ ለዘመድ ጥየቃ ስንሄድ በየገባንበት ቤት ሰው ያንኑ ቀልድ እየደገመ ይስቃል። ገበያ ላይ የሚገናኙ ሁለት ሰዎች ከሰላምታ ቀጥሎ የሚያነሡት እሱኑ ነበር። ስንትና ስንት የማንግባባበት ነገር እያለን በዚያ ሰሞን ሁላችንም በአንድ ነገር ስቀናል። ይህን ለአንድ ሕዝብ ያደረገ ሰው ትልቅ ውለታ ውሎለታል።

የእነዚህ ሰዎች ሥራ በአብዛኛው የጥንድ ሥራ ነበር። አለባቸው ተካ ከልመነህ ታደሰ ጋር፣ ደረጀ ኃይሌ ከሀብቴ ምትኩ ጋር። ስማቸውን ስንጠራ እንኳ አንዱን ብቻውን አንጠራም፤ «ደረጀና ሀብቴ» እንደ አንድ ስም በአንድ ትንፋሽ ይነገራል። የጥንድ ቀልድ ከባድ ሙያ ነው። አንዱ ነገሩን ያጠብቃል፤ ሌላው ይፈታዋል። አንደኛው ከምሩ ይዞ ካልተሟገተ የሌላው ሞኝነት አያስቅም። ቶሎ ከመለሰ ሳቁን ይቀጨዋል፤ ከዘገየም ነገሩ ይቀዘቅዛል። አድማጭ ሲስቅ ዝም ብሎ መጠበቅ፣ ሳቁ ሊያልቅ ሲል ደግሞ ቀጣዩን ቃል መወርወር ልምምድን ይጠይቃል፤ ከዚያም በላይ የሥራ ጓድን እንደ ራስ ማወቅን ይጠይቃል። ስለዚህ ከጥንዶቹ አንዱ ሲሞት የሥራው ግማሽ አብሮ ይሄዳል። የቀረው ግማሽ ያለው በሕይወት ባለው ጓድ አእምሮ ውስጥ ነው። ቀልዱን ማን ጻፈው? የት ላይ ተለማመዱት? በቃል የተጨመረው የቱ ነው? ሳንሱር ያስቀረው የቱ ነው? ይህን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። እሱን ዛሬ ቁጭ አድርጎ ያልጠየቀ ነገ የሚጠይቀው አያገኝም።

አለባቸው ተካ ከጥንድ ቀልዱ ሌላ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን «አለቤ ሾው»ን አዘጋጅቶ አቅርቧል። ዛሬ በየጣቢያው እንግዳ ጋብዞ፣ አጫውቶ፣ አስቆና አስለቅሶ የሚሸኝ አቅራቢ ሞልቷል። ያኔ ግን ለእኛ ለተመልካቾቹ አዲስ ነገር ነበር። ቀልደኛ ሰው ከመድረክ ወርዶ ከሰው ጋር በቁም ነገር ሲያወራ፣ የተቸገረን ሰው ሲያዳምጥ ማየታችን ስለ ቀልደኛ የነበረንን ግምት ለውጦታል። አለባቸውን ገና ብዙ ሊሠራ በሚችልበት ዕድሜ በመኪና አደጋ አጣነው። ያን የመሰለ ጅምር ከየት ተነሥቶ የት ደረሰ የሚለውን በቅደም ተከተል የሚያሳይ ሥራ ለቴሌቪዥን ታሪካችንም ያስፈልጋል።

አሁን የእኛን የመታሰቢያ ዝግጅት አሠራር እንመልከት። አንድ ተወዳጅ ቀልደኛ ሲያርፍ፣ ወይም ሙት ዓመቱ ሲደርስ፣ ጣቢያዎቻችን ፕሮግራም ይሠራሉ፤ ማስታወሳቸው በራሱ ያስመሰግናቸዋል። አሠራሩ ግን ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። ዋሽንት ይነፋል፤ ፎቶግራፉ ይቀርባል፤ «ከአባቱ ከአቶ እገሌ፣ ከእናቱ ከወይዘሮ እገሊት» ተብሎ የቀብር ላይ የሕይወት ታሪኩ ይነበባል። ቀጥሎ ሕመሙ፣ የሆስፒታሉ ወጪ፣ ልጆቹ እንዴት እንደቀሩ ይነገራል። የሥራ ጓደኞቹ መናገር ይጀምሩና እንባ ያንቃቸዋል። በመሐሉ ከሥራዎቹ ጥቂት ሰከንድ ይታያል፤ ገና ፈገግ ስንል ይቆረጥና ወደ ዋሽንቱ እንመለሳለን። አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ አንድ አሳቂ ሰው አይተን አንዴም ሳንስቅ እንነሣለን።

ሐዘኑ እውነተኛ ነው፤ ለቅሶ የሚገባውም ሰው ነው። ነገር ግን ለአንድ ሐኪም መታሰቢያ ሲሠራ ስላዳናቸው ሰዎች፣ ለአንድ አርበኛ ሲሠራ ስለተዋጋበት ጦር ሜዳ ይነገራል። ለቀልደኛ ሲሠራ ያሳቀበት መንገድ ተዘርዝሮ ካልቀረበ ሰውዬው ምን እንደነበረ ሳይነገር ቀረ ማለት ነው። በተለይ እሱን በሕይወት ሳለ ያላየው ወጣት ከእንዲህ ያለው ዝግጅት የሚወስደው አንድ ምስኪን፣ ታሞና ተቸግሮ የሞተ ሰው እንደነበረ ብቻ ነው። ያንን ሰው አናውቀውም። እኛ የምናውቀው አጠገባችን ቁጭ ያለ እስኪመስለን ድረስ ቤታችንን በሳቅ የሚሞላውን ሰው ነው።

በጥሩ ሁኔታ የተቀመጠ ድምፅ ምን እንደሚሠራ ለማወቅ ከቢቸና ርቀን መሄድ አያስፈልገንም። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲታተም የእኛን አካባቢ ይዞ ነው የወጣው። የመጽሐፉ ባለታሪክ በዛብህ የተማረበት ዲማ ጊዮርጊስ ለቢቸና ጎረቤት ነው። መጽሐፉን ግን ማንበብ የማይችለው ገበሬ ሳይቀር ያወቀው በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነው። ወጋየሁ ታላቅ የመድረክ ተዋናይ ነበር፤ በዚያ ትረካው ደግሞ የሳቅንም ጥበብ እንደተካነ አሳይቷል። ፊታውራሪ መሸሻ በኩራት ሲነፉ፣ ዘመቻ ሲያውጁ፣ በናቋቸው ገበሬዎች እጅ ሲወድቁ ድምፁ ሰውዬውን ያሳብጠዋል፤ ከዚያ ያስተነፍሰዋል። ጉዱ ካሳ ሲናገር ደግሞ ሳቁ ወደ ቁጭት ይለወጣል። ወጋየሁ ከሞተ ከ30 ዓመት በላይ አልፎታል። ክሩ ስለተጠበቀ ግን ዛሬም በስልክ ይሰማል፤ ያኔ ያልተወለዱ ልጆች ፊታውራሪ መሸሻን በእሱ ድምፅ ያውቋቸዋል። ከሰው አቅም በላይ የሆነ ነገር አልተደረገም፤ አንድ ሥራ በወጉ ተቀዳ፣ በወጉ ተቀመጠ፣ ደግሞ ደጋግሞ ለሕዝብ ቀረበ። ይኸው ነው።

የቀልደኞቻችን ሥራ ይህን ዕድል አላገኘም። በየስልኩ የሚዞሩት ቁርጥራጮች መቼ እንደተቀዱ፣ ማን እንደጻፋቸው፣ የት እንደቀረቡ አይታወቅም። መነሻቸው ተቆርጧል፤ መጨረሻቸው የለም፤ ባለቤት በሌለው ጽሑፍና ማስታወቂያ ተሸፍነዋል። ድሮ ካሴት ይሸጡ የነበሩ አንድ የከተማችንን ሰው «ጋሼ፣ እነዚያ የቀልድ ካሴቶች የት ደረሱ?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «ልጄ፣ ሜሞሪ የሚባል ነገር ከመጣ በኋላ ማን ይገዛል? ገሚሱን አይጥ በላው፤ የቀረውን ልጆች ክሩን እየጎተቱ ማሳ ላይ ለወፍ ማስፈራሪያ ወጠሩት» አሉኝ። የካሴት ክር በማሽላ ማሳ ላይ ተወጥሮ ነፋስ ሲመታው የሚያሰማውን ድምፅ የአገራችን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከዚያ ክር ውስጥ ስንቱ ዳግመኛ የማይገኝ ሥራ እንደነበረ የሚነግረን የለም።

ይህ የእኛ ብቻ ጥፋት እንዳይመስለን። የእንግሊዙ ቢቢሲ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የቪዲዮ ክር ውድ ስለነበረ የተላለፉ ፕሮግራሞችን እየሰረዘ በላያቸው ላይ ሌላ ይቀዳ ነበር። የፒተር ኩክና የደድሊ ሙር ጥንድ ኮሜዲ አብዛኛው በዚህ ጠፍቷል። «ዳድስ አርሚ» ከተባለው ተወዳጅ ኮሜዲ ሦስት ክፍሎች እስከ ዛሬ አልተገኙም። ጠፍተው ከነበሩት ሁለቱ ግን ከቆሻሻ የዳነ ፊልም ያስቀመጠ ሰው ስለነበረ እ.ኤ.አ. በ2001 ተመለሱ። «ዶክተር ሁ» የሚባለውም ተከታታይ ድራማ የብዙ ክፍሎቹ ምስል ቢጠፋም የሁሉም ድምፅ ተርፏል፤ ያተረፉት በየቤታቸው የቴፕ መቅረጫ ከቴሌቪዥኑ ፊት ደቅነው የቀዱ አድናቂ ልጆች ናቸው። ትልቁ ተቋም የጣለውን ተራው አድናቂ ከአልጋው ሥር አወጣው። የእኛም ተስፋ እዚያው ላይ ነው። ከቢቸናና ከሞጣ፣ ከደብረ ወርቅና ከደጀን ቤቶች ሣጥን ውስጥ ኢቢሲም የሌለው ክር ሊኖር ይችላል።

ዘጋቢ ፊልሙ ወደ ገጠር ከተሞች መምጣት አለበት የምለው ለክሩ ብቻ ብዬ አይደለም። ሌላ ያልተጠየቅነው ጥያቄ አለ። በዚያ ዘመን ቀልድ ውስጥ ገጠሬው ብዙ ቦታ ነበረው። ከተማ ገብቶ የሚደናገረው፣ መኪና የሚሸሸው፣ አነጋገሩ የሚያስቀው ባላገር የቀልደኞች ሁሉ መነሻ ነበር። እኛ በሳሎኑ መሬት ላይ ቁጭ ብለን የምንስቅበት ሰው በአነጋገሩ አያታችንን፣ አጎታችንን ይመስላል። አንዳንዱ ቀልድ ባላገሩን ብልህ ያደርገውና ከተሜውን ያሞኘዋል፤ ያን ጊዜ በኩራት እንስቃለን። አንዳንዱ ግን እንዲሁ ያዋርደዋል። አዲስ አበባ ለትምህርት የሄዱ የእኛ ልጆች አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር በዚያው በካሴቱ አነጋገር ሲቀለድባቸው ዝምታን እንደመረጡ የማውቃቸው አሉ።

ይህን የማነሣው ሟቾችን ለመውቀስ አይደለም። የሚወዱትን ሰው በእውነት የሚያስታውስ ፊልም ከሥራው ውስጥ የቱ እንደጠና፣ የቱ እንደጎረበጠ ሳይሸሽ ይናገራል። የተቀለደበት ሰው ምን እንደተሰማው የሚያውቀው ደግሞ እዚህ ያለው ተመልካች ነው። የአዲስ አበባ ታዋቂ ሰዎችን ብቻ ደርድሮ «ጎበዝ ነበር፣ ሩኅሩኅ ነበር» ማስባል ይህን አያወጣውም። አንዲት ጠላ ሻጭ እናት፣ አንድ ጡረታ የወጣ መምህር፣ አንድ የአውቶቡስ ረዳት ካሜራ ፊት ቁጭ ብለው የሚያስታውሱትን ቀልድ በራሳቸው አንደበት ሲደግሙ ማየት የሟቹን ሥራ ስፋት ከማንኛውም ምስጋና በላይ ያሳያል። ከ20 እና ከ30 ዓመት በኋላ በቃል የሚደገም ቀልድ ምን ያህል በወጉ እንደተሠራ ራሱ ይመሰክራል።

«በዚህ ጊዜ ስለ ቀልድ?» የሚለኝ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ክልላችን አማራ ያለበትን ሁኔታ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም፤ ሐዘን ያልገባበት ቤት ጥቂት ነው። ግን በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ወራት በተቆጠሩበት ጊዜ ያየሁትን ልናገር። ሰዉ በስልኩ ሜሞሪ ላይ የነበረውን አሮጌ ነገር መለዋወጥ ጀመረ። ከመዝሙሩና ከዘፈኑ ጋር የድሮ ቀልዶች ከእጅ ወደ እጅ ዞሩ። ማታ በጊዜ በሩን የዘጋ ቤተሰብ ከአንድ ስልክ ዙሪያ ተሰብስቦ ሞተው የቀሩ ሰዎች ያሳቁት ነበር። ሕፃናቱ ሲስቁ ወላጆች እየተያዩ እፎይ ይሉ ነበር። ሳቅ ችግርን አያስወግድም፤ ሰው ችግሩን ተሸክሞ እስኪያልፍ ድረስ ግን ሰው ሆኖ እንዲቆይ ያግዘዋል። ያንን ያደረጉልንን ሰዎች ማስታወስ ሰላም እስኪሆን የሚቆይ ቅንጦት አይደለም።

ጊዜም የለንም። አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ የ94 ዓመት አዛውንት ነበሩ። ሴት ተዋናይ ባልነበረበት ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ ሆነው መድረክ ላይ የተጫወቱ፣ በኋላም ለ42 ዓመት በቴሌቪዥን «ጤና ይስጥልኝ ልጆች» እያሉ ትውልድ ያሳደጉ ሰው ናቸው። እሳቸውን እንኳ በዚያ ረጅም ዕድሜያቸው ጠይቀን አልጨረስናቸውም። ሌሎቹ ያን ያህል ዕድሜ አላገኙም። አብረዋቸው የሠሩት ጸሐፊዎች፣ አዘጋጆች፣ ካሜራ ያነሡት፣ ካሴት ያሳተሙት ሰዎች አርጅተዋል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆንብን የሚጠየቀው ሰው ሳለ እንጠይቅ።

ስለዚህ ማን ምን ያድርግ የሚለውን በግልጽ ላስቀምጥ። ኢቢሲ የቀድሞው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ወራሽ ነው። በማኅደሩ ያለውን የበዓል ዝግጅትና የኮሜዲ ክር ዘርዝሮ ለሕዝብ ያሳውቅ፤ ዘጋቢ ፊልም ለሚሠሩ ወጣቶችም በአቅማቸው ዋጋ ይክፈትላቸው። ማኅደር ተቆልፎ የሚቀመጥ ንብረት ቢሆንም ባለቤቱ ክፍያውን የከፈለው ሕዝብ ነው። የፊልም ባለሙያዎቻችን ደግሞ ከጥንዶቹ የቀሩትን፣ የሞቱትንም ቤተሰቦች ሄደው ያናግሩ፤ የሟቾቹን ሥራ ሲጠቀሙም ለወራሾቻቸው የሚገባውን ይክፈሉ። ብዙዎቹ ከካሴት ሽያጭ ከተገኘው ገንዘብ ሳይጠቀሙ እንዳለፉ ስንሰማ ኖረናል፤ በመታሰቢያቸው ስም ያንኑ መድገም ነውር ነው።

ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ቅርባችን ነው። የአማርኛና የፎክሎር ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ሲፈልጉ ሰርግና ለቅሶን ያጠናሉ፤ መልካም ነው። ከዚህ በኋላ ደግሞ ሁለት ሦስቱ ቢቸናና ሞጣ መጥተው ሕዝቡ በቃሉ የያዛቸውን የካሴት ቀልዶች ይመዝግቡ። የወረዳ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶችም አንድ ኮምፒዩተርና አንድ የካሴት ማጫወቻ አገናኝተው ሰው ይዞ የመጣውን ክር ቢገለብጡለት ወጪው ከአንድ ቀን ስብሰባ አበል አይበልጥም።

የመጨረሻው ቃሌ ለአንባቢ ነው። ቤትዎ ውስጥ አሮጌ ካሴት ወይም የቪዲዮ ክር ካለ አይጣሉት፤ ለልጆችም መጫወቻ አይስጡት። ከፀሐይና ከርጥበት አርቀው ያስቀምጡት። በላዩ ላይ ከየት እንደተገዛና በስንት ዓመተ ምሕረት ገደማ እንደሆነ የሚያስታውሱትን ይጻፉበት። የሚገለብጥልዎ ሰው ሲያገኙ ያስገልብጡት፤ ዋናውን ግን ይዘው ይቆዩ። በዕድሜ የገፉ ወላጆች ካሉዎት ዛሬ ማታ የሚያስታውሱትን ቀልድ ይጠይቋቸውና በስልክዎ ይቅዷቸው። አለባቸውን፣ ሀብቴን፣ ተስፋዬ ካሳንና ሌሎቹን የምንወድ ከሆነ ይህን ለመጀመር የማንንም ፈቃድ መጠበቅ አያስፈልገንም።